ቀን ቀን እዚያ ቤት ውስጥ ማን አለ?

ሐበሻ ቤት ሲገዛ ከሻጩ ጋር የሚከራከረው ጥቂት ነው፤ ዋናው ክርክር ከራሱ ወገን ጋር ነው። የሚሸጠው ቤት ፎቶግራፍ ያለበት ወረቀት፣ አሁን አሁን ደግሞ ስልኩ፣ ከእንጀራው ትሪ አጠገብ ይቀመጥና አንዱ «ይሄማ ቤተ መንግሥት ነው፤ ምን ትጠብቃላችሁ?» ይላል። ሌላው «እዚያ ድረስ ከሄዳችሁማ ለምን አንደኛችሁን ሪችመንድ አትገቡም?» ብሎ ያሾፋል። ሦስተኛው ቤዝመንቱ ለብቻው በር እንዳለው ይጠይቃል። አራተኛዋ ምንም ሳትል የኩሽናውን ፎቶግራፍ እያጎላች ታያለች። ሂሳብ እስኪመጣ ድረስ ቤቱ ተገዝቶ፣ ተከራይቶ፣ ተሸጦ ያልቃል። ገዥዎቹ ባልና ሚስት ግን ሲገቡ ከነበሩት ይበልጥ ግራ ተጋብተው ይወጣሉ።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ይህ ክርክር ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓይነት ቤቶች መካከል ነው። አንደኛው ከከተማው ርቆ ያለው ቤት ነው፤ ለምሳሌ በቨርጂኒያ ውድብሪጅ፣ ወይም በሜሪላንድ ከጀርመንታውን ወዲያ። ከ2000 ወዲህ የተሠራ፣ አራት መኝታ ቤት ያለው፣ ሁለት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ፣ ጣራው ከፍ ያለ ሳሎን፣ ያለቀለት ቤዝመንት፣ ከጓሮው ሰፊ ሣር። ሁለተኛው ቀረብ ያለው ነው፤ ዊተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አናንዴል ውስጥ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠራ የጡብ ቤት። መኝታ ቤቶቹ ጠባብ፣ መታጠቢያው አሮጌ፣ ኩሽናው ሁለት ሰው የማያሳልፍ። የሁለቱ ዋጋ ተቀራርቦ፣ አንዳንዴም አሮጌው በልጦ ሲገኝ ገዥው «ለዚህች ጎጆ ይህን ሁሉ ገንዘብ?» ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ለሩቁ ቤት የሚሟገቱት ሰዎች ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ታሪክም ይመሰክርላቸዋል። በ1980ዎቹ ሐበሻው አዳምስ ሞርጋን ተሰብስቦ ሳለ ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ የገባ፣ ወይም ወደ ሜሪላንድ ወጣ ያለ ሰው «ገጠር ገባ» ይባል ነበር። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ራሳቸው የሐበሻ ሠፈር ሆነዋል፤ አዳምስ ሞርጋን ውስጥ ኪራዩን የሚችል የአገር ልጅ ግን ከስንት አንድ ነው። «ያን ጊዜ የሳቁ ዛሬ የት አሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያጣም። ደግሞስ ስንት ዓመት በአፓርታማ ኖሮ፣ ጎረቤት ግድግዳ እየደበደበበት፣ ልጆቹን «ቀስ በሉ፣ አትሩጡ» ሲል የከረመ አባት ሣር ያለው ጓሮ ቢመኝ ምኑ ነው ነውሩ?

ይሁን እንጂ ታሪክ ለአንድ ወገን ብቻ አይመሰክርም። እስከ 2007 ድረስ ገቢው በወጉ ሳይመረመር ብድር እየተፈረመለት ፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ ውስጥ ትልልቅ ቤት የገዛው ብዙ ነበር። በ2008 ዋጋው ሲወድቅ ከዋሽንግተን ዙሪያ ክፉኛ ከተመቱት ቦታዎች አንዱ ይኸው ካውንቲ ነበር። የወለዱ መጠን ሲቀየርባቸው፣ የታክሲው ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ቁልፉን ለባንኩ አስረክበው የወጡ የአገር ልጆች ነበሩ። እነሱ የለቀቋቸውን ቤቶች በ2010 እና በ2011 በርካሽ የገዙት ደግሞ አተረፉ። ቤቱ ያው ቤት፣ ሠፈሩ ያው ሠፈር ነው። የቀደሙትን የጣላቸውና የኋለኞቹን ያነሣቸው የገቡበት ዋጋና የብድሩ ዓይነት ነበር።

ስለዚህ ገንዘቡን በትክክል መናገር ያስፈልጋል። በጃንዋሪ 2021 የ30 ዓመት ቋሚ ብድር አማካይ ወለድ እስከ 2.65 በመቶ ወርዶ ነበር፤ በኦክቶበር 2023 ወደ 7.79 በመቶ ወጣ። ልዩነቱ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ይታይ። 500,000 ዶላር ለ30 ዓመት በ3 በመቶ የተበደረ ሰው በወር 2,108 ዶላር ገደማ ይከፍላል። ያንኑ ገንዘብ በ7 በመቶ የተበደረው 3,327 ዶላር ይከፍላል። ቤቱ አንድ፣ ዕዳው አንድ፣ ልዩነቱ በየወሩ ከ1,200 ዶላር በላይ። የንብረት ግብሩ፣ ኢንሹራንሱና የማኅበር መዋጮው ገና አልገባበትም። እንግዲህ «የአክስቴ ልጅ እዚያው መንገድ ላይ በወር ሁለት ሺህ ነው የሚከፍለው» የሚለው ማስረጃ፣ የአክስት ልጅ መቼ እንደገዛ ካልተነገረ ከወሬ አያልፍም።

ገንዘቡ አልበቃ ሲል የምትመጣ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ቤዝመንቱ ይከፍለዋል።» ይህች ዓረፍተ ነገር ስንት ቤት አስገዝታለች፤ ስንቱንም አስለቅቃለች። ቤዝመንት ሁሉ የሚከራይ አይደለም። ሰው የሚተኛበት ክፍል እሳት ቢነሳ የሚያስወጣ መስኮት ወይም በር ያስፈልገዋል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለማከራየት ፈቃድ ይጠይቃል። ሌላም ነገር አለ፤ ቤዝመንት የሚከራየው ሰው ብዙውን ጊዜ አዲስ መጥ ነው፣ ወይም ዲሲ ውስጥ ሌሊት የሚሠራ ነው። እሱ የሚፈልገው አውቶቡስና ሜትሮ ያለበትን ነው። ከተማው በቀረበ ቁጥር ተከራይ ይገኛል፣ በራቀ ቁጥር ተከራይ ይጠፋል፤ ግን የቤዝመንት ኪራይ ተስፋ የሚደረገው በሩቁ ቤት ላይ ነው። ቤዝመንቱ ሦስት ወር ባዶ ቢቀመጥ ክፍያው የሚያቅት ከሆነ ቤቱ ከገዥው አቅም በላይ ነው፤ ይህን ለማወቅ የባንክ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም።

መንገዱም ዋጋ አለው። ከውድብሪጅ እስከ ዲሲ መሀል 25 ማይል ያህል ነው። ማይሉ ብዙ አይደለም፤ ችግሩ ኢንተርስቴት 95 ነው። አንድ ሰው ለመሄድ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ለመመለስም እንደዚያው ቢፈጅበት፣ በሳምንት አምስት ቀን ሲባዛ 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በ50 የሥራ ሳምንት 625 ሰዓት ነው፤ 26 ሙሉ ቀንና ሌሊት። በ2014 መጨረሻ የተከፈተው የፈጣን መስመር አለ፤ ሦስት ሰው ካልተጫነ በስተቀር ግን ያስከፍላል፣ ዋጋውም መኪና በበዛ ቁጥር ይጨምራል። የባቡሩም ሰዓት የተቀመረው ለቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ጧት ወደ ከተማ፣ ማታ ወደ ቤት። ሆስፒታል ሌሊት ለምትሠራ ነርስ ወይም ጋራዥ ለሚዘጋ ሰው አልተሠራም። ከዊተን ግን በሜትሮ ቀይ መስመር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሲከራከሩ የሚሰማ ነው። የማይሰማው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ቀን ቀን እዚያ ቤት ውስጥ ማን ነው ያለው?

ባል በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይመለሳል። ሚስት ነርስ ከሆነች 12 ሰዓት ቆማ ውላ ስትገባ ያንን ከፍ ያለ ጣራ ቀና ብላ የምታይበት አቅም የላትም። ልጆቹ ት/ቤት ናቸው። ቤቱ ውስጥ የሚውሉት ግሪን ካርድ ወጥቶላቸው፣ «ልጆቼን ያግዙኝ» ተብለው ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከደሴ የመጡት እናት ናቸው። ጓደኛው፣ አበልጁ፣ የሥራ ባልደረባው ሁሉ ስለ ቤቱ ሐሳቡን ሰጥቷል። ከ24 ሰዓቱ 23ቱን እዚያ ቤት የሚያሳልፉት እኚህ ሴት ግን አልተጠየቁም። ቢጠየቁም መልሳቸው «እናንተ ከወደዳችሁት እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» ነው። ይህ እሺታ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው።

እሳቸው አገር ቤት ሳሉ ቀኑ እንዴት ያልፍ ነበር? ከበራቸው ሲወጡ ሱቅ አለ። ከሱቁ ወዲያ የዕድር ጓደኛ አለች። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ ባይጠራም ይመጣል። የታመመ ይጠየቃል፣ ያዘነ ይጽናናል። ለዚህ ሁሉ መኪና አላስፈለጋቸውም፤ እግራቸው በቂ ነበር። ውድብሪጅ ውስጥ፣ ወይም እንደ ውድብሪጅ ባለ በማንኛውም የሩቅ ሠፈር ውስጥ፣ ከበሩ ሲወጡ ሣር አለ። ከሣሩ ወዲያ የሰው ሣር አለ። የእግረኛው መንገድ የሠፈሩ መግቢያ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ መኪና በ45 ማይል የሚከንፍበት አውራ ጎዳና ነው። ጎረቤት የሚታየው የጋራዡ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነው። በሩን ከፈት አድርገው ፀሐይ እንዳይሞቁ እንኳ ያ የሌባ ደወል አለ፤ አንድ ጊዜ ጮሆባቸው ፖሊስ ከመጣ ወዲህ በሩን መንካት ትተዋል።

ስልክ አለ ይባላል። አዎ አለ። ነገር ግን ውድብሪጅ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። የሚደወልላት ጓደኛ ተኝታለች። ቀኑ የሚከብደው ደግሞ ያን ጊዜ ነው፤ የቤቱ ሥራ አልቆ፣ ልጆቹ ከት/ቤት ሳይመለሱ።

እሑድስ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳቸዋል። ነገር ግን ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔ ዓለም በ27 የሚውሉት እሑድን እየጠበቁ አይደለም። ማክሰኞ ሲውል ማን ያደርሳቸዋል? አባት ሙስሊም ከሆኑ ጁምዓ ዓርብ ነው፤ ዓርብ ደግሞ የሥራ ቀን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ እናት ግን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከሌላ እናት ጋር ተቀጣጥረው፣ አውቶቡስ ይይዛሉ። የመጀመሪያውን ጊዜ ይፈራሉ፣ ሁለተኛውን ይለምዳሉ፣ ሦስተኛውን ሌላ አዲስ መጥ እናት ያስተምራሉ። አሌክሳንድሪያ ከተማ ዳሽ በሚባለው አውቶቡሱ ላይ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ክፍያ አስቀርቷል። ሣንቲም መቁጠርና ካርድ መንካት ለሚያስጨንቃቸው ሽማግሌና አሮጊት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አናንዴልም ቢሆን እንደ ዊተን ሜትሮ የለውም፤ ግን አውቶቡስ አለው፣ ሱቁም በእግር ይደረሳል።

የቤቱም አሠራር አለ። ያ ትልቁ ቤት መኝታ ክፍሎቹ ሁሉ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ምድር ቤት ያለው ሽንት ቤትና እጅ መታጠቢያ ብቻ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ምርጫቸው ሁለት ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ አለዚያም ቤዝመንት መተኛት። «ቤዝመንቱን ለእማዬ አሳምረንላታል» ሲባል ደግ ይመስላል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፀሐይ ሲገባላቸው የኖሩ ሴት መስኮቱ ሣሩን ሥር ሥሩን ከሚያሳይ ክፍል ውስጥ ገብተዋል ማለት ነው። የተናቀው አሮጌ የጡብ ቤት፣ ራምብለር የሚሉት፣ መኝታውም መታጠቢያውም ኩሽናውም አንድ ወለል ላይ ነው። ይህ በሽያጩ ማስታወቂያ ላይ በትልቁ አይጻፍም።

በአንጻሩ በትልቁ የሚጻፈው ለእንግዳ የሚሆነው ነው። የክብር ሳሎን፣ የክብር መመገቢያ፣ ከሳሎኑ ጋር የተቀላቀለ ሰፊ ኩሽና። ስለ ኩሽናው አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ ግድግዳ የሌለው ኩሽና ዶሮ ወጥ ለሚሠራ ሕዝብ የታሰበ አይደለም። አሥር ራስ ሽንኩርት ሲቁላላ፣ በርበሬው ሲገባ፣ ሽታው ከሳሎኑ ወደ ፎቁ፣ ከፎቁ ወደ ልጆቹ የት/ቤት ጃኬት ይሄዳል። ምድጃው ላይ ያለው ማራገቢያም በብዙ ቤት ጢሱን ወደ ውጭ አያወጣም፤ በማጣሪያ አሳልፎ መልሶ ወደ ክፍሉ ይነፋዋል። ጎንበስ ብሎ ቧንቧው ወዴት እንደሚሄድ ማየት ከእብነ በረዱ ቀለም ይበልጥ ይጠቅማል። ብዙዎች መጨረሻቸው ጋራዥ ውስጥ ምድጃ ተክለው መሥራት ነው። ሁለት መኪና የሚያስገባው ጋራዥ አንድ መኪናና አንድ ድስት ያስገባል።

እንግዳውስ ስንት ጊዜ ይመጣል? ለክርስትና ይመጣል፣ ለልደት ይመጣል። ቤቱን ለመባረክ ይመጣና «አቤት አቤት» ብሎ እየዞረ አይቶ ይሄዳል። የእንግዳ ነገር የሚለየው ለቅሶ ሲሆን ነው። ቤቱ ቅርብ ከሆነ ሰው ከሥራ ሲወጣ ጎራ ይላል፤ አንዷ ምግብ ይዛ፣ አንዱ ወንበር ይዞ፣ ለሳምንት ያህል በየማታው ቤቱ አይለይም። ሩቅ ከሆነ ግን አንድ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሁሉም ተሰብስቦ ይመጣል፤ መንገዱን በመኪና ይሞላና ማታ ተመልሶ ይሄዳል። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ 95 አላሳልፍ ብሎት ነው። እሑድ ሐዘንተኛው ብቻውን ነው።

«ሠፈሩ ጥሩ ነው ወይ? ሐበሻስ አለ?» ተብሎ የሚጠየቅ የቤት ኤጀንት ዝም ሲል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፤ የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስለዋል። በ1968 የወጣው የመኖሪያ ቤት የእኩልነት ሕግ ገዥን በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር እየለዩ ወደዚህ ና፣ ወደዚያ አትሂድ ማለትን ይከለክላል። ኤጀንቱም ዝም የሚለው ለዚህ ነው። ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም የድሮ የቤት ውሎች ላይ ጥቁር እንዳይገዛ የሚል አንቀጽ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤት ሊያስፈጽም አይችልም ብሎ ወሰነ። በሲያትል ከተማ ብሮድሙር የሚባለው ሠፈር የድሮ ውል እንዲያውም ጥቁርን የጠራው «የኢትዮጵያ ዘር» ብሎ ነው። ዛሬ ያው ዘር የሚጨነቀው ስለ ጋራዡ ስፋት መሆኑ ደግ ነገር ነው። ሐበሻ መኖሩን ለማወቅ ግን ኤጀንት አያስፈልግም፤ ቅዳሜ ጧት ሠፈሩን በእግር አንድ ዙር መዞር ነው፣ ቁሌቱ ይናገራል። ከኤጀንቱ ጋር ቀድሞ መነጋገር የሚገባው ስለ ገንዘቡ ነው። ከኦገስት 2024 ወዲህ ብዙዎቹ ኤጀንቶች ቤት ከማሳየታቸው በፊት ከገዥው ጋር በጽሑፍ መዋዋልና ክፍያቸውን እዚያ ላይ ማስፈር አለባቸው። የዘመድ ልጅ ቢሆንም ወረቀቱን ማንበብ ነውር አይደለም።

ስለ ት/ቤት የሚነሳው ክርክር ቀላል አይደለም፤ ለብዙ ወላጅ ከአገር የወጣበት ምክንያት ነውና። ሩቁ ሠፈር ጥሩ ት/ቤት ካለው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ት/ቤቱ የልጁ ቀን ግማሽ ነው። የቀረው ግማሽ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ኳስ፣ የጓደኛ ቤት፣ ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት፣ ሹፌር ይፈልጋል። 14 ዓመት የሆነው ልጅ በአውቶቡስ መሄድ የሚችልበት ቦታ ከሌለ አባቱ ከታክሲ ወርዶ እንደገና ታክሲ ነጂ ይሆናል፤ ይህኛው ያለ ክፍያ ነው።

የቅርቡ ቤት እንከን የለውም ማለት አይደለም። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለሙ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ ሻጭ የሚያውቀውን እንዲናገር ሕግ ያስገድደዋል፣ ትንንሽ ልጆች ላሉት ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ከ1978 እስከ 1995 ባለው ጊዜ በተሠሩት ወይም በታደሱት ውስጥ ደግሞ ፖሊቡቲሊን የሚባል ግራጫ የፕላስቲክ ቧንቧ ይገኛል፤ ሳያስጠነቅቅ ስለሚፈነዳ በ1995 አምራቾቹን 950 ሚሊዮን ዶላር ያስመደበ ክስ ተደርጎበታል። ሜሪላንድ ውስጥ ሌላ ወጥመድ አለ። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የንብረት ግብር የሻጩ ነው። ለዓመታት እዚያው የኖረ ሰው ግብሩ በየዓመቱ ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳያድግበት የሚገድብለት ሕግ አለ፤ ቤቱ ሲሸጥ ገደቡ ከሻጩ ጋር ይሄዳል። አዲሱ ገዥ «ባለፈው ዓመት ይህን ያህል ነበር» ብሎ ያሰላው ሂሳብ በመጀመሪያው የግብር ደረሰኝ ይፈርሳል። በ2021 ግፊያ ጊዜ ብዙ ሰው ቤት እንዳያመልጠው ብሎ ምርመራውን ትቶ ገዝቷል። ጥቂት መቶ ዶላር ቆጥቦ የብዙ ሺህ ዶላር ጣራ የገዛ አለ።

ሩቁ ቤት ለሁሉም ሰው መጥፎ ነው ማለትም አይደለም። ሁለቱም ወጣቶች ሆነው፣ ሁለቱም መኪና እየነዱ፣ ሥራቸውም እዚያው አካባቢ ከሆነ ሩቅ የሚባል ነገር የለም፤ ለእነሱ ሩቁ ዲሲ ነው። ከሳምንቱ ሦስቱን ቀን ከቤቱ የሚሠራ ሰውም ሂሳቡ ይለወጥለታል። ለእነዚህ ሣሩም ጋራዡም ይገባቸዋል። ክርክሩ የሚበላሸው ቤቱ ውስጥ የሚውል ሽማግሌ ወይም ሕፃን እያለ፣ እንደሌለ ሆኖ ሲቆጠር ነው።

ስለ ቅድሚያ ክፍያውም አንድ ነገር። ብዙ ሰው የሚተማመነው በእቁብ ነው። እቁቡ ይወጣል፣ ጥሬ ገንዘቡ ባንክ ይገባል፣ በሳምንቱ ቤት ይታያል። አበዳሪው ግን ብዙውን ጊዜ የሁለት ወር የባንክ መግለጫ ይጠይቃል፤ ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ካየ ከየት እንደመጣ በማስረጃ እንዲያብራሩለት ይፈልጋል። «እቁብ ደርሶኝ ነው» ማለት አሥራ አምስት ሰው የሚያምነው እውነት ቢሆንም የባንክ ማስረጃ አይደለም። ቤት ያሰበ ሰው እቁቡን ቀደም ብሎ አስወጥቶ ገንዘቡን ባንክ ውስጥ ማሰንበት፣ የየወሩንም ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በቼክ ወይም በባንክ ማድረግ ይሻለዋል። ከወንድም ወይም ከእህት የተሰጠ ገንዘብ ከሆነ ስጦታ እንጂ ብድር አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይፈለጋል።

ሌላው የማይነበብ ወረቀት የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደንብ ነው። በአዲሶቹ ሠፈሮች ማኅበር የሌለው ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ደንቡ የሣሩን ቁመት፣ የበሩን ቀለም፣ የእንግዳ መኪና የሚቆምበትን ቦታ ይወስናል። ብዙዎቹ የንግድ ተሽከርካሪ በግቢ ወይም በመንገድ ላይ እንዳያድር ይከለክላሉ፤ ጣራው ላይ መብራት ያለው ታክሲና የዕቃ ማመላለሻ ቫን እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ዳቦ የሚያመጣውን መኪና ማቆሚያ የሌለው ቤት መግዛት እንግዲህ ምን ይባላል? ቨርጂኒያ ውስጥ ገዥው የማኅበሩ ሰነድ ከደረሰው በኋላ በ3 ቀን ውስጥ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ሦስት ቀን አጭር ነው፤ ቢሆንም ከሦስቱ አንዱ የሥራ ቀን መሆኑ አይቀርም። በዚያ ቀን አንዳቸው ከሥራ ግማሽ ቀን ይውሰዱና እናትን ይዘው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቤቱ ደጃፍ ይሂዱ። ፎቁን ማሳየቱ ይቆይ። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ሽንኩርት የሚገዛበት ሱቅ ድረስ በእግራቸው ለመሄድ ይሞክሩ። ከደረሱ ስለ ዋጋው መከራከር ይቀጥላል፤ ካልደረሱ ገና ሁለት ቀን አለ።